ቱንቢ፣ ብይና የቆርቆሮ ቀዳዳ፦ ሐዋሳ ላይ ፊዚክስን በቤት ሙከራ ለመማር

ፊዚክስን ትምህርት ቤት የተማረ ሰው ሁሉ 9.8 የሚለውን የመሬት ስበት ቁጥር፣ «ጂ» የሚባለውን፣ ያውቀዋል። ለክቶ ያገኘው ግን ጥቂት ነው። ቤተ ሙከራ ገብቶ የለካ ተማሪ እንኳ ብዙ ጊዜ ያገኘውን 9.3 ወይም 10.4 አጥፍቶ መምህሩ የሚጠብቁትን 9.8 ይጽፋል፤ ነጥቡንም ያገኛል። የቤት ሙከራን የምወደው ትክክለኛውን መልስ ይዞ የሚጠብቅ ማንም ስለሌለበት ነው። ያገኛችሁት ቁጥር ከመጽሐፉ ሲለይ፣ ለምን እንደተለየ ፈልጋችሁ የምታገኙት እናንተው ናችሁ። ፊዚክስ የሚጀምረውም እዚያ ላይ ይመስለኛል።

መመሪያው የ9ኛ ወይም የ11ኛ ክፍል ፊዚክስ ለሚማሩ፣ ወይም ትምህርቱን ትተውት ከርመው እንደገና ሊጀምሩት ለሚሹ የሐዋሳ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። ሌላ ከተማ ያላችሁም ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ፤ አንዳንድ ቁጥሮች ብቻ ይለወጡባችኋል።

ከዕቃው በፊት ደብተሩ

አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ለዚህ ሥራ ብቻ ለዩ። እርሳስ አይሁን፤ የተጻፈ ቁጥር መጥፋት የለበትም። የተሳሳተ የመሰላችሁን በአንድ መስመር ሰርዙትና ምክንያቱን ከጎኑ ጻፉ።

ምንም ከመንካታችሁ በፊት ምን ይሆናል ብላችሁ እንደምታስቡ በቁጥር አስፍሩ። «ይወዛወዛል» ግምት አይባልም፤ «አንድ ጊዜ ደርሶ ለመመለስ 3 ሰከንድ ይፈጃል» ግን ግምት ነው። ቁጥር ያልያዘ ግምት ሊሳሳት አይችልም፤ ሊሳሳት የማይችል ግምት ደግሞ ምንም አያስተምርም።

ከእያንዳንዱ ልኬት አጠገብ ምን ያህል ልትስቱ እንደምትችሉ ጻፉ። ሁለት ጫፍ በሜትር ስትለኩ ጥቂት ሚሊ ሜትር ወዲያ ወዲህ ማለቱ አይቀርም። በስልክ ሰዓት ስትይዙ ደግሞ ጣታችሁ ዓይናችሁን የሚከተለው በ0.2 ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ነው። እነዚህ ትንንሽ ቁጥሮች ኋላ ላይ የመጨረሻው መልሳችሁ ምን ያህል እንደሚታመን ይነግሯችኋል።

ምን ምን ያስፈልጋል

ከግንባታ ዕቃ መሸጫ አንድ ቱንቢ፣ አንድ ሜትርና የኤሌክትሪክ ገመድ የሚሸፈንበት የ2 ሜትር የፕላስቲክ ቦይ ግዙ። ከፋርማሲ የ20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ያለ መርፌው ውሰዱ። ብይ ከሰፈር ልጆች ይገኛል። ክር ከሆነ አሞራ ገደል ዓሣ አጥማጆቹ መረብ የሚሠሩበትን ቀጭን ናይለን የሚተካከለው የለም፤ ሲባጎ ይፈታል፣ ይጠመዘዛል፣ ርዝመቱም አይታመንም። ማስመሪያ፣ ፕሮትራክተር፣ የግራፍ ወረቀትና ሰዓት ያለው ስልክ ይጨመሩበት። እስከ 100 ዲግሪ የሚያነብ የላቦራቶሪ ቴርሞሜትር ካገኛችሁ መልካም ነው፤ ካላገኛችሁም ሥራው አይቆምም።

ሦስት ነገሮች ፈጽሞ አይደረጉም። ግድግዳ ላይ ባለው 220 ቮልት ኤሌክትሪክ አይሞከርም። ፀሐይን በዓይን፣ በመነጽርም ሆነ በማጉያ መስታወት አያዩም። የትኩሳት መለኪያ ቴርሞሜትር የፈላ ውሃ ውስጥ አይገባም፤ የተሠራው እስከ 42 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ ይፈነዳል፣ የሜርኩሪ ከሆነም መርዙ ቤት ውስጥ ይበተናል።

በቱንቢ የመሬትን ስበት መለካት

ከዚህ ጀምሩ። ቀላል ይመስላል፤ ጥንቃቄን ግን እንደ እሱ የሚያስተምር አላውቅም።

ክሩን ከምስማር ላይ ብቻ አትሰሩት፤ ሲወዛወዝ ምስማሩ ዙሪያ እየተጠቀለለ ርዝመቱን ይለውጠዋል። በሁለት ጠፍጣፋ እንጨቶች መካከል አጣብቃችሁ በበሩ መቃን አናት ላይ እሰሩት። ርዝመት የሚባለው ክሩ ከእንጨቶቹ ከሚወጣበት ነጥብ አንስቶ እስከ ቱንቢው የክብደት መሐል ነው። መሐሉን ለማግኘት ቱንቢውን ማስመሪያ ጠርዝ ላይ አጋድማችሁ ሚዛኑን ጠብቆ የሚቆምበትን ቦታ ምልክት አድርጉበት። ከሐይቁ በኩል ነፋስ ሲነሳ በርና መስኮት ይዘጋ፤ ማለዳ ብትሠሩት ይሻላል።

መጀመሪያ ርዝመቱን 100 ሴንቲ ሜትር አድርጉ። ቱንቢውን አንድ ስንዝር ያህል ብቻ ወደ ጎን ስባችሁ ሳትገፉ ልቀቁት። ከዚያ በላይ መሳብ ችግር አለው፤ ከቁም መስመሩ 45 ዲግሪ ብታርቁት እያንዳንዱ ውዝዋዜ በ100 እጅ 4 ያህል ይረዝማል። ሰዓቱን ቱንቢው ጫፍ ላይ ሲደርስ አታስነሱ፤ እዚያ ስለሚዘገይ የትኛው ቅጽበት እንደሆነ አይለይም። ከታች መሐሉን በፍጥነት ሲያቋርጥ «ዜሮ» ብላችሁ አስነሱና በዚያው አቅጣጫ እንደገና ሲያልፍ «አንድ» በሉ። 20 ሲሞላ አቁሙ።

ስሌቱ አጭር ነው፦ ጂ = 39.5 × ርዝመት በሜትር ÷ (የአንዱ ውዝዋዜ ጊዜ × ያው ጊዜ)። 39.5 የመጣው ፓይን (3.14ን) በራሱ አባዝቶ በ4 ከማብዛት ነው።

20ው ውዝዋዜ 40.2 ሰከንድ አካባቢ ከፈጀ 9.8 አጠገብ ትደርሳላችሁ። 10.8 ካገኛችሁ ግን አትደንግጡ፣ ቁጥሩንም አታጥፉ። ሲጀምሩ «ዜሮ» በማለት ፈንታ «አንድ» ያሉ ሰዎች የሚያገኙት ቁጥር ነው፤ 19 ውዝዋዜ ቆጥረው ለ20 አካፍለዋል። 8.9 አካባቢ ከሆነ በተቃራኒው አንድ ውዝዋዜ አልፏችኋል። እንዲህ ያለ ስህተት ራሱ ማንነቱን ይናገራል፤ 9.8 ብሎ የጻፈው ተማሪ ይህን ሳያይ ያልፋል።

ከዚያ በ25፣ በ50 እና በ75 ሴንቲ ሜትር ድገሙት። 25 ላይ ከመለካታችሁ በፊት ግምታችሁን ጻፉ፤ ርዝመቱ ወደ ሩብ ሲወርድ ጊዜውም ወደ ሩብ የሚወርድ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። በግራፍ ወረቀት ላይ ርዝመቱን ወደ ጎን፣ ጊዜውን በራሱ አባዝታችሁ ወደ ላይ አስቀምጡና በነጥቦቹ መሐል የሚያልፍ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ። 39.5ን ለመስመሩ ቁልቁለት ስታካፍሉት ጂ ይወጣል። የግራፉ ብልሃት ሌላ ነው፦ የቱንቢውን መሐል በ1 ሴንቲ ሜትር ብትስቱ እንኳ መስመሩ ከዜሮ ነጥብ ይሸሻል እንጂ ቁልቁለቱ አይለወጥም። የማታውቁት ስህተት ከመልሱ ወጥቶ ጠርዝ ላይ ይታያችኋል።

አሁን የጥርጣሬውን ሒሳብ ሥሩ። በርዝመቱ 5 ሚሊ ሜትር፣ በጊዜው 0.2 ሰከንድ ብትስቱ መልሳችሁ በ100 እጅ ከ1 እስከ 1.5 ሊሸሽ ይችላል፤ ማለትም በ0.1 ወይም ከዚያ ትንሽ በላይ። የሐዋሳ ትክክለኛ ጂ ወደ 9.78 ነው፤ ከተማዋ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነችና ከባሕር ወለል ወደ 1,700 ሜትር ከፍ ስለምትል ከአውሮፓ ከተሞች ያንሳል። በእጅ ሰዓት ይህን ልዩነት ማየት አይቻልም። ፈረንሳዊው ዣን ሪሼ ግን በ1672 አይቶታል። ፓሪስ ላይ በትክክል ይሠራ የነበረ የፔንዱለም ሰዓት እንደ ሐዋሳ ሁሉ ለምድር ወገብ ቅርብ በሆነችው በደቡብ አሜሪካዋ ከተማ በካየን ላይ በቀን ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ወደ ኋላ ቀረበት። ዓይኑ ከእናንተ ዓይን የተሻለ አልነበረም። ሰዓቱ ቀኑን ሙሉ ሲወዛወዝ ትንሿ ልዩነት እየተጠራቀመች ስለታየች ነው። እናንተም 20ውን 200 ብታደርጉት ጥርጣሬው ምን ያህል እንደሚቀንስ አስሉ፤ ቱንቢው እስከዚያ ይወዛወዝ እንደሆነም ሞክሩ።

ብይ በቦይ ላይ

የፕላስቲክ ቦዩን ከጣውላ ጋር አስራችሁ ቀጥ አድርጉት። መጀመሪያ መሬት ላይ አጋድማችሁ ብይ አስቀምጡበት፤ ብይዋ ከተንከባለለች ወለሉ ውሃ ልክ አይደለም፣ ካርቶን እያነባበራችሁ አስተካክሉ። ከዚያ አንዱን ጫፍ 6 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጉ። ከላይኛው መነሻ በ50 እና በ200 ሴንቲ ሜትር ላይ ምልክት አድርጉ። ብይዋን በማስመሪያ ያዙና ማስመሪያውን ወደ ታቹ አቅጣጫ ቶሎ አንሱት፤ በጣት ከተለቀቀች ሳይታወቅ ትገፋለች።

ርቀቱ በ4 እጥፍ ሲያድግ ጊዜው ስንት እጥፍ እንደሚሆን አስቀድማችሁ ጻፉ። በየርቀቱ ደጋግማችሁ ለኩና አማካዩን ውሰዱ። ጊዜው በ2 እጥፍ ብቻ እንደሚያድግ ታያላችሁ፤ 50 ሴንቲ ሜትሩ ወደ 2.2 ሰከንድ፣ 200ው ወደ 4.4 ሰከንድ። ጋሊሌዮ ይህንን ሕግ በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ ሲገልጽ የሰከንድ ሰዓት ስላልነበረው በቀጭን ቱቦ የሚፈስ ውሃ እየመዘነ ጊዜውን ይለካ ነበር። የተበሳ የፕላስቲክ ጠርሙስና ሲሪንጅ ካላችሁ በእሱ መንገድ መሄድም ትችላላችሁ።

ፈተናው አሁን ይመጣል። የብይዋ አክስለሬሽን (ፍጥነቷ በየሰከንዱ የሚጨምርበት መጠን) ርቀቱ በ2 ተባዝቶ፣ ለጊዜው ሁለት ጊዜ ተካፍሎ ይገኛል፤ በእኛ ምሳሌ 0.21 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር አካባቢ። ቦዩ በ200 ሴንቲ ሜትር 6 ስለሚወርድ ይህንን ለ0.03 ስታካፍሉት ጂን ማግኘት ነበረባችሁ። የሚወጣው ግን 7 ወይም ትንሽ ዝቅ ያለ ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ «ሰበቃ ነው» ብሎ ደብተሩን ይዘጋል። ሰበቃ በየቤተ ሙከራው ሪፖርት ላይ የሌለበትን ወንጀል ሁሉ ይሸከማል። ፈትኑት፦ ከጋራዥ የአሮጌ ኩሽኔታ የብረት ኳስ ለምናችሁ አምጡና በዚያው ቦይ ልቀቁ። ክብደቱና ቁሱ ሌላ ነው፤ መልሱ ግን አሁንም 7 አጠገብ ነው። ዋናው ምክንያት ሰበቃ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ይለያዩ ነበር። እውነቱ ብይዋ ከመውረዷ ሌላ ትሽከረከራለች፤ በመውረድ ከምታገኘው ጉልበት ከ7 እጅ 2ቱ ለመሽከርከሩ ይሄዳል። 9.78ን በ5 አባዝታችሁ ለ7 ስታካፍሉ 6.99 ይሆናል። ያንን 7 አጥፍቶ 9.8 የጻፈ ሰው የመሽከርከር ጉልበትን ሕግ በገዛ ደብተሩ ላይ ደምስሶታል።

ለመዝናናት ያህል፣ በሰፊ ጣውላ ላይ የታሸገ የቲማቲም ድልህ ጣሳና ሁለቱም ጫፉ የተከፈተ ባዶ ጣሳ አብራችሁ ልቀቁ። ማን እንደሚቀድም ግምታችሁን ሳትጽፉ ግን አትልቀቁ።

ሚዛን፣ ዕንቁላልና የሐዋሳ ድንጋይ

የ30 ሴንቲ ሜትር ማስመሪያ መሐሉን በክር አንጠልጥሉ፤ በሁለቱ ክንዶች ላይ የጠርሙስ ክዳኖች ስቀሉና ውሃ ልክ እስኪሆን አስተካክሉ። የሚመዘነውን በአንዱ፣ በሲሪንጅ የተለካ ውሃ በሌላው አድርጉ፤ 1 ሚሊ ሊትር ውሃ 1 ግራም ነው። ክብደት በርቀት ሲባዛ ሁለቱ ወገኖች እኩል መሆን አለባቸው። ዕንቁላል በ5 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ሆኖ ውሃው በ10 ላይ ከተሰቀለ ግማሽ ክብደቱ ውሃ ይበቃል።

እፍግታን፣ ማለትም የአንድ ነገር 1 ሚሊ ሊትር ስንት ግራም እንደሚመዝን፣ ለማወቅ የተንጠለጠለውን ነገር ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አጥልቃችሁ እንደገና መዝኑ። በአየር የመዘነውን ውሃ ውስጥ ለቀነሰው ክብደት አካፍሉት። ዕንቁላል ከውሃ ትንሽ ይበልጣል፤ ውሃው ላይ ጨው እየጨመራችሁ የሚንሳፈፍበትን ልክ ፈልጉ።

ከዕንቁላል ይልቅ ግን እግራችን ሥር ያለው ድንጋይ የበለጠ ይናገራል። ከተማዋ ያለችው በስምጥ ሸለቆው ውስጥ፣ በአሮጌ እሳተ ገሞራ ጎድጓዳ ላይ ነው፤ በአካባቢው ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ቀላል፣ ነጣ ያለና ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ አለ፤ ጥቁርና መስታወት የመሰለ ባልጩትም አለ። ሁለቱንም ለኩ። ባልጩቱ ወደ 2.4 ግራም በሚሊ ሊትር ይሆናል፤ ቀላሉ ከ1 በታች። አሁን ቀላሉን ድንጋይ በሙቀጫ አድቅቃችሁ ዱቄቱን ውሃ ላይ በትኑት፤ አብዛኛው ይሰምጣል። ሁለቱ ድንጋዮች ከተመሳሳይ ቅላጭ ሊወጡ ይችላሉ፤ አንደኛው በጋዝ አረፋ ተሞልቶ ቀዘቀዘ፣ ሌላው ያለ አረፋ። ያልተፈጨውን ለቀናት ውሃ ውስጥ አቆይታችሁ ብትመዝኑትም ክብደቱ ሲጨምር ታያላችሁ።

ውሃ ስንት ዲግሪ ላይ ይፈላል?

መጽሐፉ 100 ይላል። ቴርሞሜትራችሁን መጀመሪያ በሚቀልጥ በረዶ ውስጥ አስገብታችሁ ዜሮ ማንበቡን አረጋግጡ፤ አለዚያ ጥፋቱ የማን እንደሆነ አታውቁም። ከዚያ የሚንተከተክ ውሃ ውስጥ፣ የድስቱን ታች ሳታስነኩ፣ ያዙት። ሐዋሳ ላይ 94 አካባቢ ይቆማል፤ እሳቱን ብትጨምሩም አይነቃነቅም። በዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው አራት አምስተኛ ያህል ብቻ ነው። ሽምብራ እዚህ ከጂቡቲ ይልቅ ቆይቶ የሚበስለው፣ የእንፋሎት ድስትም የሚያፈጥነው ለዚህ ነው።

ቴርሞሜትር ከሌላችሁ ሲሪንጁ ይበቃል። ፈልቶ የቀዘቀዘና እንደገና ለእጅ ትንሽ እስኪከብድ የሞቀ ውሃ 5 ሚሊ ሊትር ሳቡ፣ አየሩን አስወጡ፣ ጫፉን በክዳኑ ዝጉና መጭመቂያውን በኃይል ወደ ኋላ ጎትቱ። ውሃው ያለ እሳት ይፈላል። ቀድሞ መፍላቱ ለምን አስፈለገ? ያልፈላ ውሃ ውስጥ የሟሟ አየር ስላለ አረፋው የእሱ ይሁን የእንፋሎት አይለይም። መጭመቂያውን ስትለቁ አረፋው ጨርሶ ከጠፋ እንፋሎት ነበር።

ስለ ኤሌክትሪክ እዚህ ብዙ አልልም። የ1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋዮች፣ ትንሽ አምፖልና ርካሽ መልቲሜትር ካላችሁ አምፖሉ ሲበራ የድንጋዩ ቮልት ለምን እንደሚወርድ በመጠየቅ ጀምሩ።

ፀሐይን በጣሪያ ቀዳዳ

ኮርኒስ የሌለው ማድ ቤት ወይም መጋዘን ውስጥ፣ በቆርቆሮው የምስማር ቀዳዳ የገባ ብርሃን ወለሉ ላይ ክብ ሆኖ ሲያርፍ አይታችኋል። ክብ የሆነው ቀዳዳው ክብ ስለሆነ ይመስላል። በካርቶን ላይ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ቀዳዳ ቁረጡና ፀሐይ ላይ ያዙት፤ ወረቀቱ ቅርብ ሲሆን ሦስት ማዕዘን፣ ሩቅ ሲሆን ክብ ይወጣል። ክቡ የፀሐይዋ ምስል ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ላሊበላ ላይ ቀለበት የሠራው የፀሐይ ግርዶሽ ሐዋሳ ላይ በከፊል ሲታይ እነዚህ ክቦች ወደ ማጭድ መሰል ጨረቃ ቅርጽ የሚለወጡበት ቀን ነበር።

ነጭ ወረቀት ለብርሃኑ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፤ ምስሉ ሞላላ ከሆነ ወረቀቱ ተጋድሟል ማለት ነው። የምስሉን ስፋት ለኩና የቀዳዳውን ስፋት ቀንሱለት። ከቀዳዳው እስከ ወረቀቱ ያለውን ርቀት አንድ ሰው መሰላል ላይ ሆኖ ይለካ። 3 ሜትር ላይ 2.8 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወጣል። ስፋቱን ለርቀቱ አካፍላችሁ ፀሐይ ባለችበት 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ስታባዙት፣ 1.4 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የፀሐይ ስፋት በማድ ቤት ታገኛላችሁ።

ጥላ የማይኖርበት ቀትር

ሐዋሳ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 7 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመጋቢት 30 እና በነሐሴ 29 አካባቢ፣ በቀጥታ ከአናታችን በላይ ታልፋለች። ነሐሴ ዝናብ ስለሚበዛ መጋቢት ይመረጣል። የ1 ሜትር በትር በቱንቢ ቀጥ አድርጋችሁ ትከሉ። ቀትር ልክ 6 ሰዓት ላይ አይሆንም፤ የአገራችን ሰዓት የሚከተለው ከሐዋሳ በስተምሥራቅ ያለን የ45 ዲግሪ መስመር ስለሆነ ፀሐይ አናት ላይ የምትደርሰው ከ6 ሰዓት ከ25 እስከ 6 ሰዓት ከ30 ባለው ጊዜ ነው። ከ6 ሰዓት ጀምሮ በየ5 ደቂቃው የጥላውን ጫፍ ምልክት አድርጉ፤ ጥላው የሚያጥርበትን ቅጽበት ውሰዱ።

በዚያው ቀን መቀሌ ያለ ዘመድ ወይም ጓደኛ ተመሳሳይ በትር ይትከል። መቀሌ ከሞላ ጎደል በሐዋሳ ቀጥታ ሰሜን ናት፤ ሰሜን ደቡብ ርቀታቸው ወደ 715 ኪሎ ሜትር ነው። የመቀሌው ጥላ 11 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይሆናል፤ በትሩንና ጥላውን በወረቀት ላይ በልካቸው ሥላችሁ ማዕዘኑን በፕሮትራክተር አንብቡ። 360ን ለዚያ ማዕዘን አካፍላችሁ በ715 ስታባዙት የመሬት ዙሪያ ይወጣል። የጥንቱ የግሪክ ሊቅ ኤራቶስቴኒስ በእስክንድርያና በአስዋን መካከል ያደረገው ይኸንኑ ነው። የጥላው ጫፍ ብዥ ስለሚል 5 ሚሊ ሜትር መሳት ቀላል ነው፤ ይህ ብቻ መልሱን በ100 እጅ 4 ወይም 5 ያዛባል፣ ስለዚህ ረዘም ያለ በትር መጠቀም ያዋጣል።

በዕለቱ ደመና ከያዘ በሌላ ቀን ሥሩት። ያን ጊዜ ሐዋሳም ጥላ ስለሚኖራት የሁለቱን ከተሞች ማዕዘኖች ለኩና ልዩነታቸውን ውሰዱ። የሐዋሳ ጥላ ወደ ደቡብ፣ የመቀሌው ወደ ሰሜን ከወደቀ ግን ማዕዘኖቹ ይደመራሉ እንጂ አይቀነሱም።